ከምናለሽ ተራ ወደ መዝገበ ቃላት
(ስለ ውድቅዳቂ ብረት ሥራ ስያሜዎች)

በእንግሊዝኛ «ሪሳይክሊንግ» ለሚባለው ቃል የአማርኛ አቻ የሚፈልጉ ተርጓሚዎች እስከ ዛሬ በአንድ ስያሜ አልተስማሙም። አንዱ «መልሶ መጠቀም» ሲል ሌላው «መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል» ይላል፤ «ዳግም ዑደት» የሚልም አለ። እነዚህ ስያሜዎች ሁሉ የተወለዱት ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራውን ግን ስሙ ከመምጣቱ አስቀድሞ ሲሠሩት የኖሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እነርሱም የየራሳቸው ቃል አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ቃላት ጥቂቶቹን መርምሮ ለስያሜ ሥራ የሚሰጡትን ጥቅም ማሳየት ነው።

ቃላቱ በብዛት ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ በመባል የሚታወቀው ነው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ «ገበያ» ማለት እንደ ሆነ ይታወቃል። «ተራ» ግን የራሳችን ቃል ነው፤ ረድፍንም፣ ወረፋንም፣ እዚህ ግባ የማይባል ነገርንም ሲያመለክት ኖሮ በገበያው ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበትን ስፍራ ለመሰየም በቅቷል፤ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ እንደሚባለው ነው። «ምናለሽ» በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። ሁለቱን ቃላት ለያይተን «ምን አለሽ?» ብንል ለሻጭ ሴት የቀረበ ጥያቄ ይሆናል፤ አጣብቀን ብናነበው ደግሞ «አንቺማ ምን ጎደለሽ» የሚል የምቀኝነት ቃና ያለው አነጋገር ይወጣዋል። ለዚህ ስፍራ ሁለቱም ንባብ የሚስማማው ስለሆነ አንዱን መርጠን ሌላውን መጣል አያስፈልገንም።

ወደ ምናለሽ ተራ የሚገባው ጥሬ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ በሚጣራ ሰው ነው። ይህ ቃል ለሥነ ድምፅም ለምዕላድ ጥናትም ጥሩ ምሳሌ ነው። መነሻው «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ሐረግ ሲሆን፣ በፍጥነትና በከፍተኛ ድምፅ ሲጠሩት ተመሳሳዮቹ የቃሉ ክፍሎች ተዋጡ፤ አናባቢዎቹም ተጋጥመው ተለወጡ። ከዚህ በኋላ የደረሰው ለውጥ የበለጠ ትኩረት ይሻል። በመጨረሻ ያለው «ው» የ«አለ» ባለቤትነት አመልካች ቅጥያ ሆኖ ሳለ፣ ሰሚው እንደ «ቤቱ» እና «በሬው» ያለ እመር አመልካች አድርጎ ወሰደው። ስለሆነም ቅጥያው ሲነሣ «ቆራሌ» የሚል አዲስ ስም ተገኘ፤ «ቆራሌዎች» ተብሎ ይበዛል፣ «ቆራሌነት» ተብሎም ይረባል። አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ለመሆን ጥቂት የቀረው ጥሪ የሙያ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ውጭ የሚያስቀር በቂ ምክንያት ለእኛ አይታየንም።

የቆራሌው ባልንጀራ «ልዋጭ» ነው። ይህኛው በገንዘብ ፈንታ የቤት ዕቃ ሰጥቶ አሮጌ ነገር ይወስዳል። ቃሉ ከ«ለወጠ» በደንቡ መሠረት የተገኘ ነው፤ ከ«ፈለጠ» ፍላጭ፣ ከ«ቆረጠ» ቁራጭ እንደሚወጣ ሁሉ የመጨረሻው «ጠ» ወደ «ጭ» ላንቃዊ ሆኗል። ትርጉሙም በመሠረቱ በለውጥ የሚሰጠውን ዕቃ የሚያመለክት ሲሆን በኋላ ለዋጩን ሰውዬ ራሱን ሸፍኗል።

የዕቃዎቹንና የመሣሪያዎቹን ስም ስንመለከት ጣልያንኛ ጎልቶ ይታያል። ለዚህም ምክንያቱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የወረራ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው በጋራዥና በብረታ ብረት ሥራ የኖሩት ጣልያኖች ናቸው። ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ፌሮ ከዚያ የመጡ ናቸው። «ፌሮ» በጣልያንኛ ብረት ሁሉ ነው፤ በአማርኛ ግን ጠብቦ በሲሚንቶ ውስጥ የሚቀበረውን የብረት ዘንግ ብቻ ያመለክታል። የጎማው ውስጠኛ ክፍል «ካሜራ ዳርያ» ይባል የነበረው «ከመነዳሪ» ሆነ፤ ሁለት «ረ» በአንድ ቃል ውስጥ መቀራረባቸው ለአፍ ስላልተመቸ አንዱ ወደ «ነ» ተለውጧል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ባዕድ የሆኑት ስሞቹ ብቻ መሆናቸው ነው። ግሦቹ የራሳችን ናቸው። ባለሙያው ላሜራውን ይቆርጣል፣ ያቀናል፣ ያጥፋል፣ ይበሳል፣ ይሞርዳል፤ ባሌስትራውን አግሎ ቀጥቅጦ ቢላዋ ወይም ማረሻ ያደርገዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማጣበቂያ ዘዴ በመጣ ጊዜ እንኳ «በየደ» የሚለው ነባር ግሥ ተቀብሎት «ብየዳ» እና «በያጅ» ተገኙ። ተርጓሚ አቻ ሲፈልግ ከስም ይልቅ ግሥን ይከተል የምንለው ስለዚህ ነው።

ስለ ቆርቆሮ ጥቂት እንጨምር። ቃሉ የማዕድን ስም ነው፤ ቀጥሎ የቤት ክዳን ሆኗል፤ ከዚያም ዘይት ወይም ቲማቲም የሚታሸግበት ዕቃ ሆኗል። ባዶው ዕቃ ጣሳ ይባላል፤ ጣሳው ክር ገብቶለት ላምባ ሲሞላ ኩራዝ ይሆናል። «ማንቆርቆሪያ» ከዚህ ቤተሰብ መስሎ ቢታይም ዘመድ አይደለም፤ የተገኘው «አንቆረቆረ» ከሚለው ግሥ ነውና ከሸክላም ቢሠራ ስሙ ያው ነው።

የሠሪው ስም ከሥራው ስም ይልቅ ያስቸግራል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ጠቢብ» የመጣ ሆኖ ሳለ በኅብረተሰባችን ውስጥ ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ «ቀጥቃጭ»ም እንዲሁ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ቃላቱ ምን ያህል ይጎዱ እንደ ነበር ያስረዳል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን ታሪክ ሊሰውረው አይገባም፤ የቃሉን ፍች ሲሰጥ ግን የሥራውን ትርጉምና የስድቡን ትርጉም በተለያየ ቁጥር ማስፈር ይኖርበታል። አሁን በተለምዶ እንደሚደረገው ሁለቱን በአንድ መስመር ማደባለቅ ስድቡን ማደስ ነው።

ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ቃል ሳይንስን እንዳገለገለ ማስታወስ ይበጃል። «አነጠረ» ቅቤንም ብርንም በእሳት ማጥራት ነው። በማርያ ትሬዛ ብር ዘመን አንጥረኛው ገንዘቡን ራሱን አቅልጦ መስቀልና ጌጥ ይሠራ ነበር፤ «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድነት መያዙ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ ግሥ «ንጥረ ነገር» ተወለደ፤ ዛሬ ተማሪው ሁሉ ያለ ችግር ይጠቀምበታል። በእንጦጦ ግርጌ ያሉ ባለሙያዎች የተተኮሰ ጥይት ቀለሀ አቅልጠው ዶቃ ሲያወጡ የሚሠሩት ይህንኑ የጥንት ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የእንግሊዝኛው ቃል በልቅ አነጋገር የሚያደባልቃቸውን ሦስት ሥራዎች የገበያው ቋንቋ ይለያቸዋል። ጣሳውን አጥቦ ውኃ መቅጃ ማድረግ አንድ ነው፤ ለዚህ «መልሶ መጠቀም» ይበቃል። በርሜሉን ሳያቀልጡ ቆርጦ የከሰል ምድጃ ማድረግ ሌላ ነው፤ ባለሙያው «ይህ በርሜል ሁለት ምድጃ ይወጣዋል» ይላል። ለዚህ «ለውጦ መሥራት» የሚለውን እናቀርባለን፤ «መልሶ መጠቀም» ከተባለ ግን በመካከል ያለው የእጅ ሙያ ይጠፋል። ቀለሀውን አቅልጦ እንደ አዲስ ማዕድን መጠቀም ሦስተኛው ሲሆን «መልሶ ማምረት» ይስማማዋል፤ ወረቀትንና ፕላስቲክንም ሊይዝ ይችላል። «ዳግም ዑደት» የእንግሊዝኛውን ቃል አካላት በየተራ ከመገልበጥ በቀር የሚነግረን ነገር ስለሌለ አንደግፈውም።

የሚቀረው የጥሬ ዕቃው ስም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስለ «ደረቅ ቆሻሻ» አያያዝ ይናገር ነበር፤ ለከተማ ጽዳት ሕግ ቃሉ ተገቢ ይሆናል። በምናለሽ ተራ ግን በሚዛን ተመዝኖ ዋጋ የተቆረጠለትን ብረት ቆሻሻ የሚለው ሰው የለም፤ «ቁርጥራጭ» ወይም «ውድቅዳቂ» ይባላል። ሁለቱም ደጋሚ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው የተቆረጠውን፣ ሁለተኛው የተጣለውን ያመለክታል። ስለ ባለሙያዎቹ የሚጻፍ ማናቸውም ሰነድ ሲተረጐም በ«ቆሻሻ» ፈንታ ከሁለቱ አንዱ ቢገባ የሰነዱ ትርጉም ይቃናል፤ ሰነዱ ሲነበብላቸው የሚሰሙትም ሰዎች ስለ ራሳቸው ሥራ እየተነገረ መሆኑን ያውቃሉ።