የካስቲንግ ማሽን ኦፕሬተር፦ የፋውንደሪ ሥራ ዳሰሳ

ፋውንደሪ ብረት ቀልጦ ወደ ሞልድ የሚፈስበት፣ ቀዝቅዞ ሲጠጥርም የሚፈለገውን ዕቃ ይዞ የሚወጣበት የሥራ ቦታ ነው። የካስቲንግ ማሽን ኦፕሬተር በዚያ ውስጥ ማሽኑን ያዘጋጃል፣ ያንቀሳቅሳል፣ የወጣውን ዕቃ ይመረምራል፣ የሚበላሸውንም ከመብዛቱ በፊት ይይዛል። ሥራው ላየው ሁሉ ቁልፍ መጫን ይመስላል። ዋናው ጉዳይ ግን ሙቀትንና ጊዜን መጠበቅ ነው፤ ቁልፉን ከሁለት ቀን ልምምድ በኋላ ማንም ይጫነዋል።

ሙያው ከማሽን ይቀድማል። የኢትዮጵያ አንጥረኞች መስቀል ሲሠሩ ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ያወጡታል፤ ሰሙ በጭቃ ተሸፍኖ በእሳት ሲቀልጥ፣ በለቀቀው ባዶ ቦታ ነሐስ ወይም ብር ይፈስበታል። አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍም በዚሁ ማቅለጥና ማፍሰስ የተገኘ ነው፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ይታያል። በእንግሊዝ አብርሃም ዳርቢ እ.ኤ.አ. በ1709 ብረትን በኮክ ከሰል ማቅለጡ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይም የኩፖላ ምድጃ መምጣቱ ፋውንደሪን ወደ ትልቅ ኢንዱስትሪ አሸጋገረው።

የካስቲንግ ማሽን ግን የተወለደው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1838 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ የማተሚያ ፊደል ከቀለጠ እርሳስ ቅይጥ እያወጣ ይሠራ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሄርማን ዶህለር ዘዴውን ወደ ማሽን መለዋወጫ አሰፋው፤ ቼኩ ዮሴፍ ፖላክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሉሚኒየምንና ናስን በኃይል የሚገፋ ማሽን አመጣ። በአሸዋው ሥራ በኩል ዴንማርክ ውስጥ የተፈለሰፈው ዲሳማቲክ የተባለ የሞልድ መሥሪያ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ ዋለ። ይህ መስመር አሸዋውን ጠቅጥቆ ሞልዶቹን እርስ በርስ እያስደገፈ በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠሩ ያወጣል፤ በእጅ ጠቅጥቆ መሥራት በዚያ ፍጥነት አይታሰብም።

ዛሬ አንድ ኦፕሬተር የሚሠራበት ማሽን እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል። ግራጫ ብረት በአብዛኛው በአሸዋ ይወጣል፤ አሸዋው ከቤንቶናይት ሸክላ፣ ከድንጋይ ከሰል ዱቄትና ከጥቂት ውሃ ጋር የተቦካ ነው። እርጥበቱ ከበዛ እንፋሎቱ ዕቃውን ይበሳሳዋል፤ ካነሰ ሞልዱ ይረግፋል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ አሸዋውን በየጊዜው ይለካል። የቧንቧ ፋብሪካዎች ሞልዱን በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን ይጠቀማሉ፤ የመኪና ቸርኬ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየሙ ከታች በዝቅተኛ የአየር ግፊት ወደ ላይ ተገፍቶ ይወጣል። ዚንክ የሚቀልጠው 420 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ መግፊያው ራሱ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይቀመጣል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከችግሩ ሁሉ የከፋው ግን የማሽኑን ብረት ቀስ በቀስ ማሟሟቱ ነው። በዚህ ምክንያት ለእያንዳንዱ ምት (አንድ ዙር ግፊት) በጭልፋ ተቀድቶ ከምድጃው ተለይቶ በተቀመጠ ሲሊንደር ውስጥ ይፈሳል፤ ይህ ዓይነቱ ማሽን ኮልድ ቻምበር ይባላል። የኦፕሬተርነት ሙያ በደንብ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ፈረቃው የሚጀምረው ዳይ በሚባለው የብረት ሞልድ ነው። ከልዩ ብረት የተሠራው ዳይ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተሠራበት የሚወጣው ዕቃ ብልሹ ይሆናል፤ ዳዩም ይሰነጠቃል። ለአሉሚኒየም ገጹ 200 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይሞቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶችም ተመልሰው ወደ ምድጃ የሚገቡ ናቸው። ከዚያ ዳዩ ላይ እንዳይጣበቅ የሚከለክል ፈሳሽ ይረጫል፣ ዳዩ ይዘጋል፣ የተለካ አሉሚኒየም ይፈሳል፣ ብረቱን የሚገፋው ፒስተንም ይነሳል። ፒስተኑ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ቢቸኩል ማዕበል ተነሥቶ አየር ከብረቱ ጋር ይታሰራል። ብረቱ የዳዩ በር ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ በድንገት ይጨምራል፤ በጠባቡ በር የሚያልፈው ፈሳሽ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ቀጭን ዕቃ ሙሉ በሙሉ የሚሞላው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ከሞላ በኋላ ማሽኑ ግፊቱን ይጨምርበታል።

የዚህ ግፊት ልክ ዳዩን ምን ያህል አጥብቆ መዝጋት እንደሚያስፈልግ ይወስናል። በማሽኑ ፊት ሲታይ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕቃ፣ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 600 ኪሎ ግራም ከተጫነበት ዳዩን ለመክፈት 300 ቶን ይገፋል። ማሽኑ ከዚያ ባነሰ ኃይል የዘጋው እንደሆነ ብረቱ በስንጥቁ ይረጫል፤ ይህም ከኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የቴስላን የመኪና የኋላ ወለል በአንድ ምት ለማውጣት ሥራ ላይ የዋሉት የኢጣሊያው ኢድራ ማሽኖች የመዝጊያ ኃይል 6,000 ቶን ገደማና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ስሌቱ ግን ከትንሹ ማሽን የተለየ አይደለም።

ዕቃው ሲወጣ ኦፕሬተሩ ያነበዋል። ሁለት ጅረቶች ሳይዋሃዱ ተገናኝተው የቀሩበት መስመር ከታየ ብረቱ ወይም ዳዩ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ገጹ ከተቦጫጨረ ዳዩ ላይ ተጣብቋል፤ የሚረጨው ፈሳሽ አንሷል፣ ወይም ያ ቦታ ከልክ በላይ ሞቋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው በዓይን የማይታየው ቀዳዳ ነው። አሉሚኒየም ሲጠጥር መጠኑ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በተጨማሪም ከእርጥበት የሚያገኘውን ሃይድሮጅን ፈሳሽ ሳለ አብዝቶ ይይዝና ሲጠጥር ይለቀዋል። ሃይድሮጅኑን አስቀድሞ ለማስወጣት አርጎን ወይም ናይትሮጅን በሚሽከረከር ዘንግ ይነፋበታል። ልምድ ያለው ኦፕሬተር ጉድለት ሲያይ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነካካም፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ ጥቂት ምት ይጠብቃል። ይህን ትዕግሥት የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ የሚገኘው ከማሽኑ ጎን በመቆም ነው።

አደጋው ከባድ ነው። ውሃ በመደበኛ ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1,700 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ እርጥብ ወይም በበረዶ የተሸፈነ ቁርጥራጭ ወደ ምድጃ ሲገባ የቀለጠውን ብረት እንደ ፈንጂ ይበትነዋል። ከምድጃ በፊት ቁርጥራጩን ማሞቅና ማድረቅ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 500 ዲግሪ የሞቀው ቁራጭ ከቀዘቀዘው በመልክ አይለይም። የማሽኑ ሃይድሮሊክ ፈሳሽም ተራ ዘይት ከሆነ ፈንድቶ ሲረጭ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ብዙ ቦታ ከውሃና ከግላይኮል የተቀላቀለ ፈሳሽ ይመረጣል። ናስ ሲቀልጥ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን በቀስታ የሚመጣው የአሸዋ ብናኝ ነው፤ ከሲሊካ የሚመጣው ሲሊኮሲስ ሳንባ ላይ ጠባሳ ያወጣል፣ አይድንምም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ በብረትና በስቲል ፋውንደሪ መሥራትን ካንሰር አምጪ ከሆኑት መካከል አስፍሮታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ መሠረት በስምንት ሰዓት ፈረቃ የሲሊካ ብናኝ አማካይ መጠን በሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ታስገድዳለች። ጭምብል መስጠት ቀላል ነው፤ ብናኙን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ መትከል ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ ብዙ ቦታ የሚጎድለውም እሱ ነው።

ሠልጣኞች ወደ ሙያው የሚገቡበት መንገድ እንደ አገሩ ይለያል። ጀርመን የፋውንደሪ መካኒክን በፋብሪካና በትምህርት ቤት ጥምር ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ታሠለጥናለች፤ በአሜሪካ አብዛኛው ኦፕሬተር ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በሥራ ላይ ይማራል። ሮቦት ጭልፋውንና ርጭቱን እየተረከበ ነው፤ የእጅ ድካሙ ቀንሷል፣ አንድ ማሽን ይጠብቅ የነበረ ሰው ሦስት አራት መጠበቅ ጀምሯል። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሚመረተው የዓለም የፋውንደሪ ምርት ግማሽ ያህሉን የምታወጣው ቻይና ናት፤ ብዙው አዲስ አውቶሜሽንም እዚያው ይተከላል።

በኢትዮጵያ የተደራጀው ፋውንደሪ ስም ሲነሳ አቃቂ ይጠቀሳል፤ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የራሱ ማቅለጫ አለው። ከዚህ ውጭ ያለው ሰፊው ሥራ የሚካሄደው በትንንሽ ሥፍራዎች ነው። ቆራሌዎች የሚሰበስቡት አሮጌ አሉሚኒየም ቀልጦ በአሸዋ ሞልድ ድስት ይሆናል። ይህ ሥራ ማሽን አይጠቀምም፤ ቁርጥራጩን ሳይለዩ ማቅለጥ ግን ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል። በካሜሩን በተመሳሳይ መንገድ ከተሠሩ ድስቶች ላይ የተደረገ ምርመራ እርሳስ ወደ ምግብ ሊለቁ እንደሚችሉ አሳይቷል። የፋብሪካ ኦፕሬተር ብረቱ ከመፍሰሱ በፊት የቅይጡን ምርመራ ውጤት ያያል፤ በአሸዋ ድስት የሚያወጣው ባለሙያ ግን ምን እንደሚያቀልጥ የሚነግረው መሣሪያ የለውም።