የገና ማዕድ፦ በዓሉን ያለ ሕመም ለማሳለፍ



እንደሚታወቀው የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይጀመርና ከ40 ቀናት በላይ ተጾሞ ታኅሣሥ 29 ቀን በገና (በልደት) በዓል ይፈታል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚከተለው ዓመት ደግሞ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ከአገሩ ርቆ በመጠለያ ጣቢያ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀን ደስታም ሐሳብም ይዞ ይመጣል። «ለልጆቼ ምን ላቅርብ? ሥጋ የሌለበት ገና ምኑን ገና ሆነ?» የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሣል። በሌላ በኩል ሥጋው ከተገኘ በኋላ አያያዙ ካልታወቀበት የበዓሉ ማግስት የተቅማጥና የትውከት ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ሕዝቦች ለገና ምን እንደሚበሉ በአጭሩ ካየን በኋላ፣ እዚህ በገዳሪፍ የበዓሉን ማዕድ ባለን አቅምና ያለ ሕመም እንዴት ማዘጋጀት እንደምንችል እንመለከታለን።

ሌሎች ሕዝቦች ለገና ምን ይበላሉ?

ገናን የሚያከብሩ ሕዝቦች ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም። እያንዳንዱ ሕዝብ በአካባቢው የሚያገኘውን ነው የበዓል ምግብ ያደረገው።

የግብፅ ቅብጦች (ኮፕት ክርስቲያኖች) እንደ ኢትዮጵያና እንደ ኤርትራ ኦርቶዶክሶች ጾመው በዚያው ዕለት፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 7 ቀን፣ ያከብራሉ። ጾማቸውን ከሚፈቱባቸው ምግቦች አንዱ ዳቦ፣ ሩዝና ሥጋ ከነመረቁ ተደባልቆ የሚሠራው «ፈታህ» ነው። አርመኖች በዋዜማው ማታ ዓሣና ዘቢብ የገባበት ሩዝ ይበላሉ። በዩክሬን ስንዴ ተቀቅሎ ከማር ጋር ይቀርባል፤ ከእኛ ንፍሮ ብዙም አይርቅም። በፖላንድ ደግሞ የዋዜማው ራት በልማድ 12 ዓይነት ምግብ ያለበት ሲሆን ሥጋ ግን የለበትም። በዚያ ማዕድ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ሳይታሰብ ለሚመጣ እንግዳ የተዘጋጀ ቦታ ነው።

በጃማይካ የገና ዋነኛ መጠጥ ከዝንጅብል ጋር የሚፈላው ከርከዴ ነው። በገዳሪፍ ገበያ የሚሸጠው ያው ቀዩ ከርከዴ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር ዛሬ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ይጠበሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ድሃ ሠራተኞች በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም በማኅበር እያጠራቀሙ ለገና ዝይ ይገዙ ነበር፤ የእኛን ዕቁብና ቅርጫ ይመስላል።

ከዚህ የምንረዳው ሥጋ የሌለበት ማዕድ በብዙ አገር የተከበረ የገና ማዕድ መሆኑን ነው። በሁሉም ዘንድ የማይቀረው ግን አብሮ መብላት ነው።

የእኛ ልማድና የጣቢያው ኑሮ

በአገር ቤት ሕዝቡ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያሳልፍና ንጋት ላይ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጾሙን ይፈታል። ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላና ቡና ይቀርባል። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ በቅርጫ ይገዛና ሥጋውን በየመደቡ ይከፋፈላል። ሙስሊም ጎረቤት ሲጠራም የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ የጾም ምግብ ለብቻው ይዘጋጅለታል።

ይህ ልማድ ለገዳሪፍ ምድር አዲስ አይደለም። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜም የኢትዮጵያ ስደተኞች መጠለያ ነበር። ከዚያ ተዘግቶ ቆይቶ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የቱናይድባ መጠለያ ጣቢያም በዚያው ዓመት ገና ሰሞን ሥራ ጀመረ። በብዙ ችግር ውስጥ ሆነው በዚህ ምድር ገናን ያከበሩ ከእኛ በፊትም ነበሩ ማለት ነው።

የወሩን እህል ለአንድ ቀን ሥጋ አይሽጡ

በበዓል ሰሞን ከሚታዩ ችግሮች አንዱ የራሽን ማሽላን፣ ክክንና ዘይትን ሸጦ ሥጋ መግዛት ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ በአንድ ቀን ያልቃል። የተሸጠው እህል ግን ለልጆች የብዙ ቀን ቁርስና ራት ነበር። የዚህ ጉዳት በበዓሉ ዕለት አይታይም። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሕፃናት ክብደት ሲቀንሱ ይታያል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያስቡባቸው።

• በብሎክዎ ካሉ ቤተሰቦች ጋር አስቀድመው ጥቂት በጥቂት በማጠራቀም አንድ ፍየል ወይም በግ በቅርጫ ይግዙ። ለብቻ ከመግዛት ይረክሳል፣ ብድርም ውስጥ አያስገባም።
• ሥጋው ጥቂት ከሆነ በድንች፣ በባሚያ ወይም በክክ ወጥ ውስጥ ጨምረው ለሁሉም ያዳርሱት።
• ሥጋ ካልተገኘ የምስር ወይም የክክ ወጥ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ያቅርቡ። ማሽላና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ጥሩ ገንቢ ምግብ ይሆናሉ።
• ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ተቆልቶ የተወቀጠ ሰሊጥ በዳቦ ወይም በእንጀራ ላይ ለልጆች ኃይል ሰጪ ምግብ ነው።
• በአገር ቤት እንደሚደረገው፣ ሙስሊም ጎረቤቶችዎንም ሥጋ በሌለበት ማዕድ፣ በዳቦ፣ በከርከዴና በቡና ይጥሯቸው።

ከዕርዱ እስከ ድስቱ

ጤነኛ ከብት ይምረጡ። የሚቆም፣ የሚሄድና የሚበላ ከብት ይግዙ። የታመመ፣ ድንገት የወደቀ ወይም ራሱ የሞተ ከብት ሥጋ በርካሽ ቢቀርብም አይግዙ፤ አይረዱት፤ ቆዳውንም አይግፈፉ። አባ ሰንጋ የሚባለው ገዳይ በሽታ ሥጋውን በሚያርደው፣ በሚገፈውና በሚበላው ሰው ላይ ይተላለፋል።

ጉበቱንና ሳንባውን ይመልከቱ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር ካለበት ለውሻ አይጣሉት፤ አጥልቀው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ውሻው ከበላው በሽታው በውሻው ዓይነ ምድር በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል።

ጥሬ ሥጋ አይብሉ። ቁርጥና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ብዙዎቻችን የምንወደው ምግብ ነው። ነገር ግን የኮሶ ትል እንቁላል የያዘ የሰው ዓይነ ምድር ሜዳ ላይ ሲጣል ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ትሉም በከብቱ ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ገብቶ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ አይገድለውም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ስለዚህ ሥጋው ውስጡ ያለው ቅላት እስኪጠፋ ድረስ ይብሰል። መጸዳጃ ቤት መጠቀምም የኮሶን መንገድ ይቆርጣል። በሰገራዎ ላይ ነጭና ጠፍጣፋ ቁራጭ ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ፤ በክኒን ይድናል። የኮሶ አበባ መጠኑ ካልታወቀ ሰውን ይጎዳል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት መውሰድ የለባትም።

ዶሮውን ሲያጥቡ ይጠንቀቁ። ዶሮ ወጥ ብዙ ሰዓት ስለሚበስል ድስቱ ውስጥ ያለው አያስፈራም። አደጋው ያለው በእጣቢው፣ በቢላዋውና በመክተፊያው ላይ ነው። እጣቢውን ከንጹሕ ዕቃ ርቀው ይድፉ። እጅዎን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና ሳያጥቡ ዳቦ ወይም ሰላጣ አይቁረጡበት።

ወተቱን ያፍሉ። ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ አይብ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ትኩሳቱ እየመጣ ይሄዳል፤ ሌሊት ያልባል፤ መገጣጠሚያን ያማል፤ ብዙ ጊዜም ወባ ይመስላል። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። ወተቱን ማፍላት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ጾሙ ሲፈታ

ከ40 ቀን በላይ ቅባት ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ቅቤና ሥጋ ሲሞላበት ቁርጠትና ተቅማጥ ሊከተል ይችላል። እናቶቻችን ጾም ሲፈታ አስቀድሞ ተልባ የሚያጠጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተልባ ሆድን ያለዝባል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ይብሉ፤ ቀስ ብለው ያኝኩ፤ ቅቤውን ይቀንሱ፤ ንጹሕ ውሃ በብዛት ይጠጡ። ለሥጋው በማግሥቱም ይደርሱበታል።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በዓል ነው ብለው መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም። በጾሙ ወቅት የመድኃኒቱን ሰዓት ለውጠው ከነበረ ከበዓሉ በፊት ባለሙያ ያማክሩ።

ሕፃናትና እናቶች

• ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ፣ ውሃ ወይም የወጥ መረቅ ማቅመስ ይጎዳዋል።
• በምግብ እጥረት ምክንያት ፕላምፒ ነት የሚወስድ ልጅ በበዓሉም ቀን ይቀጥል። እርሱ መድኃኒቱ ስለሆነ ለእንግዳ ወይም ለሌሎች ልጆች አይከፋፈል። በጣም የተጎዳ ልጅ ሆዱን በቅባት ምግብ ቢሞሉት ሊባባስበት ስለሚችል አስቀድመው የጤና በጎ ፈቃደኛ ይጠይቁ።
• ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ከሥጋውና ከእንቁላሉ ድርሻዋ ይቀመጥላት። እንግዳ አስተናግዳ በመጨረሻ የተረፈውን መብላት የለባትም።
• ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ደም የሚሠራውን አይረን ሰውነት እንዳያገኘው ይቀንሳል። ደም ያነሳት ሴት ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆይታ ትጠጣ። በምግቡ ላይ ሎሚ ቢጨመር ደግሞ ይረዳል።

የተረፈ ምግብ

በገዳሪፍ ታኅሣሥና ጥር ማታው ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ሳይሞቅ መቀመጥ የለበትም፤ ሙቀቱ ከበረታ ከ1 ሰዓትም አይበልጥ። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ያብስሉ። የተረፈውን ከዝንብ ከድነው ያስቀምጡ፤ ከመብላትዎ በፊት እስኪንፈቀፈቅ ያፍሉት። ሽታው ወይም ጣዕሙ ከተለወጠ ይድፉት። ሽታው ያልተለወጠ ሁሉ ደግሞ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ለነገ የሚቆይ ሥጋ ካለ በዕለቱ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ በቀጭኑ ዘልዝለው በጨውና በበርበሬ አሽተው ቋንታ ያድርጉት። የዚህ ወር ደረቅ አየር ለቋንታ ይስማማል። ዝንብና አቧራ እንዳያገኘው በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሲበሉትም በደንብ ያብስሉት። ምድጃውን ከጎጆው ውጭ፣ ከነፋስ ከልለው ያድርጉ። ሣሩና ንፋሱ ደረቅ ስለሆኑ አንድ ፍንጣሪ ብዙ ቤት ይፈጃል።

ተቅማጥ ከተከሰተ

በገዳሪፍ ግዛት በመስከረም 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2023) ኮሌራ መግባቱ ታውጆ እንደነበር አይዘነጋም። ስለዚህ ማንኛውንም ብዙ ውሃ የሚያወጣ ተቅማጥ «የበዓል ነው፣ ያልፋል» ብለው አይናቁት። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ወዲያው መስጠት ይጀምሩ። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን ይቀጥል። ሰገራው የሩዝ እጣቢ ከመሰለ፣ ደም ካለው፣ ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ያምጡት። እያመጡትም ኦአርኤሱን ያጠጡት።

የጤና በጎ ፈቃደኞች ይህን ጽሑፍ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ማንበብ ለማይችሉ ቤተሰቦች እንዲያነቡላቸው እንጠይቃለን። ቅርጫ ለሚገቡ ሰዎች ስለ ከብቱ ምርጫ፣ ለእናቶች ስለ ሕፃናቱ አስቀድሞ መንገር በማግሥቱ ከማከም ይቀላል።

በመጨረሻም በማዕድዎ ላይ አንድ ቦታ ይተዉ። በየብሎኩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ ትናንት የደረሱ አዲስ መጪዎች አሉ። በደንብ የበሰለ አንድ ጭልፋ ወጥና አንድ ስኒ ቡና ለእነርሱ ሙሉ በዓል ነው።

መልካም የገና በዓል!