«ኤግዚቢሽን» እና «ኤግዚቢት»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ዕጣ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች

መግቢያ

የውጭ ቃላት ወደ አማርኛ ሲገቡ ብዙውን ጊዜ ፍቺያቸውን ሁሉ ይዘው አይገቡም። አንዱ ፍቺ ይገባል፣ ሌላው ይቀራል። አንዳንድ ጊዜም አንድ ቃል ለሁለት ተከፍሎ ይገባና ክፍሎቹ ዝምድናቸው ተረስቶ ይኖራሉ። «ኤግዚቢሽን» እና «ኤግዚቢት» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ «ኤግዚቢሽንና ባዛር» የሚል ጽሑፍ በአደባባይ ሲሰቀል መንገደኛው የሚረዳው መጥቶ እንዲያይና እንዲገዛ መጠራቱን ነው። በዚያው ከተማ ሞተር ሳይክሉ «ኤግዚቢት ተይዟል» የተባለ ሰው የሚረዳው ግን ንብረቱ ከእጁ ወጥቶ ከማያየው ስፍራ መግባቱን ነው። የመጀመሪያው ቃል ዕቃን ለሁሉ ይገልጣል፤ ሁለተኛው ዕቃን ይሰውራል። ሁለቱ ግን ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን ምንጭና አገባብ ማብራራት፣ በአማርኛ የደረሰበትን የፍቺ ለውጥ ማሳየት፣ ለውጡም ከአንድ ቋንቋ በላይ በሚነገርባቸው የደቡብ ቆላማ ከተሞች ከቃል ጉዳይ አልፎ የመብት ጉዳይ የሚሆንበትን ምክንያት ማመልከት ነው።

የቃሉ ምንጭና የእንግሊዝኛ አገባቡ

የእንግሊዝኛው «ኤግዚቢት» ከላቲን የመጣ ሲሆን «ኤክስ» (ወደ ውጭ) እና «ሀቤሬ» (መያዝ፣ ያለው መሆን) ከሚሉት ሁለት ክፍሎች የተገነባ ነው። የጥሬ ፍቺው «ይዞ ወደ ውጭ ማውጣት» እንደ ማለት ነው። «መከልከል» የሚል ፍቺ ያለው «ፕሮሂቢት» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግሥም ከዚሁ የመያዝ ሥር ይወለዳል። ሁለቱን የሚለያቸው የተያዘው ነገር የሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው ይታገዳል።

በእንግሊዝኛ ቃሉ በግሥነትም በስምነትም ያገለግላል። አንደኛ፣ የሥነ ጥበብ ሥራን፣ ቅርስን ወይም ምርትን ለሕዝብ ዕይታ ማቅረብን፣ በስምነቱም የቀረበውን ነጠላ ዕቃ ያመለክታል። የዝግጅቱ አጠቃላይ ስም «ኤግዚቢሽን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ የተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ይህን ፍቺ በዓለም ካስፋፉት ዝግጅቶች አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ በፍርድ ቤት ቋንቋ በማስረጃነት የሚቀርብን ዕቃ ወይም ሰነድ ይገልጻል፤ እያንዳንዱም በፊደል ወይም በቁጥር ተለይቶ ይመዘገባል። ሦስተኛ፣ በሳይንሳዊ ጽሑፍ አንድ ነገር ጠባይን ወይም ምልክትን ማሳየቱን ያመለክታል።

ሦስተኛው ፍቺ ለተመራማሪዎች በየዕለቱ የሚገጥም ቢሆንም የውሰት ቃል አላስፈለገውም። ስለ ቦረና ግጦሽ መሬት የሚጽፍ ተማሪ እንግሊዝኛው በዚህ ቃል የሚገልጸውን ሐሳብ «መሬቱ የቁጥቋጦ መስፋፋት ይታይበታል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «ይታይበታል» የሚለው ግሥ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። የተዋስነው ለቀሩት ሁለት ፍቺዎች ነው።

«ኤግዚቢሽን» እና ጎረቤቶቹ

በዛሬው አማርኛ «ኤግዚቢሽን» በአብዛኛው ከንግድ ጋር ተቆራኝቷል። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የኤግዚቢሽን ማዕከል ለዓመታት የተካሄዱት የበዓል ዋዜማ ባዛሮች ለዚህ ድርሻ አላቸው። ቃሉ «ባዛር» ከሚለው ጋር እየተጣመረ በመነገሩ ማየትና መግዛት በአድማጩ ልቡና አንድ ሆነዋል።

ከእርሱ ጎን «ዐውደ ርእይ» የሚለው ከግእዝ የተገኘ ስም ይቆማል። «ዐውድ» ክብን፣ ዙሪያንና አደባባይን የሚያመለክት ሲሆን «ዐውደ ዓመት» እና «ዐውደ ምሕረት» በሚሉት ስሞችም ይገኛል። «ርእይ» ደግሞ «ርእየ» (አየ) ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ዐውደ ርእይ «የማያ አደባባይ» ነው። የሥዕል፣ የመጽሐፍ፣ የፎቶግራፍና የቅርስ ዝግጅት ሲሆን ጸሐፍት ይህንን ይመርጣሉ። «ትርኢት» ከዚያው ሥር ቢወጣም ሰው በአካሉ የሚያቀርበውን፣ ለምሳሌ ጭፈራንና ተውኔትን፣ ይገልጻል።

የቃላቱን ወሰን በቦረና ምሳሌ መፈተን ይቻላል። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ በየስምንት ዓመቱ የሚፈጸመው የገዳ ሥልጣን ርክክብ ብዙ ሕዝብ የሚታደመው ነው። ዩኔስኮም የገዳን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ሆኖም ርክክቡ በሕዝብ ፊት ስለ ተፈጸመ ብቻ ኤግዚቢሽን ወይም ትርኢት አይባልም፤ የሚፈጸመው ሥልጣን እንዲተላለፍ እንጂ እንዲታይ አይደለምና። የርክክቡ ፎቶግራፎች በአዳራሽ ቢሰቀሉ ግን ዝግጅቱ ዐውደ ርእይ ይሆናል። ቃላቱን የሚወስነው በአደባባይ መታየቱ ብቻ ሳይሆን የማሳየቱ ዓላማ ጭምር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ኤግዚቢት»፦ ማውጣቱ ቀርቶ መያዙ የጸናበት

ሁለተኛው ቃል የገባው በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በብርበራ የተያዘ ንብረት ዝርዝር እንዲጻፍና የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ያዛል። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ዕቃው የሚያዘው ለመያዝ ሲባል አይደለም። ሳይለወጥና ሳይጎድል ቆይቶ በችሎት ፊት እንዲወጣ ነው።

የቃሉን የአማርኛ አገባብ ስንመረምር ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚሰለፈው «ተያዘ»፣ «ገባ»፣ «ተቀመጠ» ከሚሉ ግሦች ጋር ነው፦ «ኤግዚቢት ተይዟል»፣ «ኤግዚቢት ክፍል ገብቷል»፣ «በኤግዚቢትነት ተቀምጧል»። «ኤግዚቢቱ ታየ» የሚለው አነጋገር ከችሎት ውጭ ለጆሮ እንግዳ ነው። ከላቲኑ «ይዞ ማውጣት» ውስጥ መያዙ ሲጸና ማውጣቱ ወድቋል። በዕለታዊ ንግግር ኤግዚቢት «መንግሥት የያዘው ዕቃ» ወደሚለው ፍቺ አዘንብሏል፤ ቃሉም ወደ ዘመዱ ወደ «ፕሮሂቢት» ተጠግቷል ማለት ይቻላል።

የፍቺ ለውጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። በዚህ ቃል ግን ለውጡ አንድን ጥያቄ ያስረሳል። ኤግዚቢት «የሚታይ ነገር» መሆኑን የሚያውቅ ባለንብረት «ዕቃዬ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ ይታያል?» ብሎ ይጠይቃል። «የተያዘ ነገር» መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን የሚጠይቀው «መቼ ይለቀቃል?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሕግን ሂደት ይከተላል፤ ሁለተኛው የአንድን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠብቃል።

በቋንቋዎች መካከል

ጉዳዩ በደቡብ ቆላማ ከተሞች ጎልቶ የሚታየው ስለ ሦስት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው የቦታው አቀማመጥ ነው። ነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ፣ ያቤሎና ሜጋ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ፣ ሞያሌም በኬንያ ድንበር ላይ ይገኛሉ። የጉምሩክ ቁጥጥርና የዕቃ መያዝ በእንዲህ ያለ መንገድ የታወቀ ነገር ነው።

ሁለተኛው የንብረቱ ጠባይ ነው። የቆላው ሰው ዋና ሀብት ከብት ነው። ብረትና ጨርቅ በመጋዘን ይቆያሉ፤ በማስረጃነት የተያዘ ከብት ግን ሣርና ውኃ ይፈልጋል፣ ይከሳል፣ ይወልዳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ባልሰመሩበት በቦረና ምድር አንድ ከብት ሳይታይ የሚቆይበት እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው።

ሦስተኛው የቋንቋዎቹ ብዛት ነው። በእነዚህ ከተሞች አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይነገራሉ። ከሞያሌ ድንበር ማዶ ባሉት የኬንያ ችሎቶች ደግሞ ቃሉ በእንግሊዝኛ ምንጩ ይሰማል። አፋን ኦሮሞ ማሳየትን «አገርሲሱ» ይለዋል፤ «አርጉ» (ማየት) ከሚለው የወጣ የማስደረግ ግሥ ነው። አማርኛውም «አየ» ከሚለው «አሳየ» ያወጣል። በሁለቱም ቋንቋዎች ማሳየት ሌላውን እንዲያይ ማድረግ በመሆኑ የሚያይ ሰው የግድ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል የአፋን ኦሮሞው «ቀቡ» እንደ ላቲኑ «ሀቤሬ» መያዝንም ያለው መሆንንም በአንድነት ይገልጻል። ስለዚህ አስተርጓሚ «ኤግዚቢት» የሚለውን «ቀበሜ» (ተያዘ) ብሎ ብቻ ቢተረጉመው የቃሉን ግማሽ ያደርሳል። ማስረጃ የሚል ፍቺ ያለውን «ረጋ» እና የማሳየቱን ግሥ ሲጨምር ነው ሙሉው ሐሳብ የሚደርሰው።

ይህ የትርጉም ጥራት ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይደነግጋል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት፣ የችሎቱ ቋንቋ የማይገባው ከሆነም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። የመመልከት መብት ያለው ሰው በጉዳዩ ላይ የሚነገረው ቃል «የሚታይ» የሚለውን ፍቺ ካጣ መብቱን የሚጠራበት ስም ይጎድለዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ እንደሚያሳየው አማርኛ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ለሁለት ከፍሎ ተውሷል። «ኤግዚቢሽን» ለንግድ ማሳያ ሲውል «ዐውደ ርእይ» የጥበብና የዕውቀት ማሳያን ይዟል፤ «ኤግዚቢት» ደግሞ ለሕግ ቀርቷል። «ኤግዚቢት» የሚለውን ቃል ከአማርኛ ማስወጣት የሚቻልም የሚያስፈልግም አይመስልም፤ በመዝገብም በንግግርም ሥር ሰድዷል። የሚያስፈልገው ፍቺውን መመለስ ነው። በቃለ ጉባኤና በንብረት መረከቢያ ላይ ቃሉ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «በችሎት ለመታየት የተያዘ ዕቃ» የሚል ማብራሪያ ቢከተለው፣ አስተርጓሚዎችም መያዙንና ማሳየቱን አጣምረው ቢያደርሱ፣ ባለንብረቱ ዕቃው የት እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚወጣም ያውቃል።