የመንገድ መረጃም ገበያ አለው

መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ነዳጅ ይበላል፤ ለሾፌርና ለረዳት ይከፈልበታል፤ ዕቃውም ገበያ ያመልጠዋል። አዲስ መንገድ እስኪሠራ ድረስ ኪሳራውን ለመቀነስ ርካሹ ዘዴ፣ የትኛው ጎዳና እንደተጨናነቀ ለሾፌሩ በሰዓቱ መንገር ነው።

በእስራኤል የተመሠረተው ዌዝ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሾፌሩ ሞባይል ስልክ መኪናው ያለበትን ቦታና ፍጥነቱን በሳተላይት አማካይነት እየለካ ወደ ማዕከል ይልካል። በአንድ ጎዳና የብዙ መኪኖች ፍጥነት በአንድ ጊዜ ከወረደ፣ ኮምፒዩተሩ መንገዱ መጨናነቁን ተረድቶ ለሌሎቹ አማራጭ ያሳያል። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ሾፌሩ የሚከፍለው መረጃውን ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያውን በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መግዛቱ የመረጃውን ዋጋ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ መረጃ መንገድ አያሰፋም። ሁሉም ሾፌር አንድ አቋራጭ ከተነገረው አቋራጩ ራሱ ይዘጋል። በኒው ዮርክ አጠገብ የምትገኘው የኒው ጀርሲዋ ሊዮኒያ ከተማ በዚህ ተማርራ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ወደ 60 የሚጠጉ የውስጥ መንገዶቿን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነዋሪ ላልሆኑ አሽከርካሪዎች ዘግታ ነበር።

ሲንጋፖር በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት ከፍ ያለ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ታስከፍላለች። መረጃ ሾፌሩን ከጎዳና ወደ ጎዳና ሲያዛውረው፣ ክፍያው ግን ሰዓቱን ያስለውጠዋል። ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴም ከመረጃው ይበልጥ የሚያተርፈው የመጫኛ ሰዓቱን ሲመርጥበት ነው።