የተነካካ ሞተርሳይክል የነዳጅ ልክ

የኢንጄክሽን ሞተርሳይክል ኮምፒውተር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አይመዝንም፤ ይገምታል። ብዙ መኪኖች የሚያልፈውን አየር የሚመዝን ሴንሰር አላቸው። በሞተርሳይክል ላይ ግን ይህ ሴንሰር እምብዛም አይገኝም። ኮምፒውተሩ የጋዙ በር ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ምን ያህል ግፊት እንዳለ፣ የአየሩና የሞተሩ ሙቀት ስንት እንደሆነ ያያል። ከዚያ በፋብሪካ የተሞላለትን ሠንጠረዥ ተመልክቶ ኢንጄክተሩ ለስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚከፈት ይወስናል። ጊዜው አጭር ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር የሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር አንዱን ዑደት የሚጨርሰው በ12 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ ነዳጁ መረጨት ያለበት በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው።

ሠንጠረዡ የተሞላው ሞተሩ ከፋብሪካው ፊልትሮ፣ ከፋብሪካው የአየር ሳጥንና ከፋብሪካው ማርሚታ ጋር ሆኖ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲቀየር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚረጨው የድሮውን ያህል ነዳጅ ነው። ነዳጅ ማስተካከል የሚባለው ሥራ ይህን ልዩነት መዝጋት ነው።

ልኩ የሚነገረው በአየርና በነዳጅ ክብደት ነው። አንድ ግራም ቤንዚን አየርም ነዳጅም ሳይተርፍ እንዲቃጠል 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን ቁጥሩ ወደ 14.1 ይወርዳል። ይህ ግን ለሁሉም ሁኔታ የሚሆን ልክ አይደለም። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ከፍተኛ ጉልበት ሲፈለግ ሞተሩ 13 አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት፣ የወፈረ ድብልቅ ይወዳል። በሜዳ ላይ በዝግታ ሲነዳ 14 እና ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ድብልቁ ከልክ በላይ ከሳሳ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ይግላል፤ በከባድ ጭነት ላይ ከሆነም ፒስተን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ከወፈረ ደግሞ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ዘይቱም በቤንዚን ይቀጥናል።

ካዋሳኪ በጅምላ የተመረተውን የመጀመሪያ የጃፓን ኢንጄክሽን ሞተርሳይክል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ኢንጄክሽን መካከለኛ ዋጋ ወዳላቸው ሞተሮች የገባው ግን ዘግይቶ ነበር። ሱዙኪ ኤስቪ 650 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በ1999 በካርቡራተር ወጥቶ በ2003 ወደ ኢንጄክሽን ተሸጋገረ። 645 ሲሲ የሆኑት ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙ ናቸው። ብዙ ስለተሸጠና ለማሻሻያ ዕቃ ስለሚመች፣ ዛሬ ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ባለቤት የሚገዛው ኤስቪ ሳይነካካ የመጣ ከሆነ የሚያስደንቅ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደቀየረ ማስታወሻ ትቶ የሚሄድ ጥቂት ነው። ማርሚታው ሲቀየር ዓይን ያየዋል፤ የአየር ሳጥኑ ተበስቶ እንደሆነ፣ የፊልትሮው መግቢያ አፍ ተነቅሎ እንደሆነ ግን ተከፍቶ ካልታየ አይታወቅም። ከመቀመጫው ሥር ፓወር ኮማንደር የሚባለው ተጨማሪ ሳጥን ሊገኝ ይችላል። በውስጡ ያለው ሠንጠረዥ ግን አሁን ለሌለ ማርሚታ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስተው በአየር ሙቀት ሴንሰር ሽቦ ላይ የሚቀጠለው ርካሽ ሬዚስተር ነው። የሴንሰሩ ተቃውሞ አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚጨምር፣ ሬዚስተሩ ኮምፒውተሩን “አየሩ ቀዝቃዛ ነው” ብሎ ያታልለዋል፤ ኮምፒውተሩም ሁልጊዜና በሁሉም ዙር ነዳጅ ይጨምራል። ይህ ማስተካከል ሳይሆን ሴንሰሩን ማሳወር ነው። ሬዚስተሩ ተቆርጦ ሽቦው ወደ ቦታው ሳይመለስ የሚደረግ ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሥራው ኮምፒውተር በመክፈት አይጀመርም። መጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጣል፦ የቫልቭ ክፍተት በመለኪያ ሉህ ይታያል፤ በኤስቪ ላይ ለመምጠጫው ከ0.10 እስከ 0.20፣ ለማስወጫው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ፊልትሮና ካንዴላ ይቀየራሉ፤ የነዳጅ ግፊቱ 3 ባር አካባቢ መሆኑ ይለካል። ባትሪና ቻርጅም ይታያሉ፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ኢንጄክተሩ ለመከፈት ይዘገያልና። በማስገቢያው ጎማና በጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ላይ የሚያፈስ ጓርኒሲዮን ካለ ይለወጣል። በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል የጋዝ በሮቹ እኩል መከፈታቸው በቫኪዩም መለኪያ ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ “ካርታው (ሠንጠረዡ) ተበላሽቷል” የተባለ ሞተር እዚህ ላይ ይድናል፤ ኮምፒውተሩን መንካት አያስፈልገውም።

ከነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የጋዝ በር ሴንሰሩ ነው። ሱዙኪ ለዚህ ቀላል መንገድ ትቷል። ከመቀመጫው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ሁለቱ ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ፣ በሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ሲ00 የሚል ኮድና ከፊቱ አንዲት አግድም ሰረዝ ይታያሉ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞው በደቂቃ 1,300 ዙር ላይ ሲረጋ፣ ሰረዟ መሐል ላይ መቆም አለባት። ወደ ላይ ከወጣች ወይም ወደ ታች ከወረደች የሴንሰሩ ብሎን ላላ ተደርጎ ሴንሰሩ እጅግ በትንሹ፣ የፀጉር ያህል ይዞራል፤ ሰረዟ ወደ መሐል ስትመለስ ብሎኑ ይጠብቃል። ይህ ሳይደረግ የተሞላ ሠንጠረዥ ልክ ያልሆነ ቦታ ላይ የተጻፈ ነው፤ ሴንሰሩ በኋላ ሲስተካከል ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ።

ከዚያ ወደ ልኬቱ ይገባል። መለኪያው ሰፊ ንባብ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ጠባቡ ሴንሰር “ከ14.7 በላይ ነው ወይም በታች ነው” ብቻ ይላል፤ ሰፊው ግን ቁጥሩን ይናገራል። ሴንሰሩ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ በሚበየድ ክብ ዳዶ ውስጥ ይገባል፤ ውስጡ ውሃ እንዳይቋጥር ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታሰራል። ሁለቱ ቱቦዎች ከተገናኙ በኋላ የሚገጠም ሴንሰር የሁለቱን አማካይ ስለሚናገር አንዱ ሲሊንደር ወፍሮ ሌላው ሳስቶ ሳለ ደህና ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ለየሲሊንደሩ መለካት ይመረጣል። ጭሱን ለማንጻት ንጹሕ አየር ወደ ጭስ ማውጫው የሚያስገባው ቱቦም ለጊዜው ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ትርፉን ኦክስጅን ሴንሰሩ እንደ ሳሳ ድብልቅ ያነበዋል።

የሚያሳስት ሌላ ነገርም አለ። ካንዴላው ሳያቃጥል ያሳለፈው ድብልቅ ያልተነካ ኦክስጅን ይዞ ይወጣል። መለኪያው “ሳሳ” ይላል፤ ሰው ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞተሩ ይበልጥ ይታፈናል፤ መለኪያውም ይበልጥ “ሳሳ” ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይታመንም፤ የሞተሩ ድምፅና የካንዴላው ቀለምም አብረው ይመረመራሉ።

ፓወር ኮማንደር የፋብሪካውን ኮምፒውተር አይለውጥም፤ በኮምፒውተሩና በኢንጄክተሩ መካከል ተቀምጦ የመከፈቻ ጊዜውን በመቶኛ ያረዝማል ወይም ያሳጥራል። ሠንጠረዡ በአንድ በኩል የዙር ብዛትን በየ250፣ በሌላ በኩል የጋዙን መከፈት ከ0 እስከ 100 በመቶ ይዟል። የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን እንዴት እንደሚሞላ ይህ ያሳያል፦ በ5,000 ዙር፣ ጋዙ 20 በመቶ ተከፍቶ ሲያዝ የተለካው 14.2 ነው፤ የሚፈለገው 13.0 ነው እንበል። 14.2 ለ13.0 ሲካፈል 1.092 ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ 9 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል። በሳጥኑ ውስጥ አስቀድሞ 4 ተጽፎ ከነበረ ግን አዲሱ ቁጥር 13 አይደለም፤ 1.04 በ1.092 ሲባዛ 1.136 ያህል ስለሆነ 14 ይጻፋል። ኢንጄክተሩ እስኪከፈት የሚባክነው አጭር ጊዜ ስሌቱን ትንሽ ስለሚያዛባው፣ ሳጥኑ ከተሞላ በኋላ እንደገና ይለካል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ጎረቤቶቹን ጥሎ የሚዘል ቁጥር ሲታይ በአብዛኛው የመለኪያ ስሕተት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ቦታ ዳይኖ፣ ማለትም ሞተርሳይክሉ በቦታው ሆኖ ጎማው በሮለር ላይ የሚዞርበት መሞከሪያ ነው፤ ጋዙ አንድ ቦታ ላይ ተይዞ ዙሩ ሊረጋ የሚችለው እዚያ ነውና። ዳይኖ በሌለበት ቦታ ንባቡ እየተመዘገበ መንገድ ላይ ይነዳና ቁጥሮቹ ሞተሩ ጠፍቶ ይሞላሉ፤ እየነዱ ስክሪን ማየት ነፍስ ያስከፍላል። ጋዙ ሲከፈትና ሲዘጋ የተመዘገቡት ንባቦች ይጣላሉ፤ ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ዙሩ ተለውጧል።

ከፍታም አለ። በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲወጣ ይወፍራል። የከባቢ አየር ግፊት የሚያነብ ኢንጄክሽን ግን ነዳጁን በራሱ ይቀንሳል፤ መቶኛ ማስተካከያውም በተቀነሰው ላይ ስለሚሰላ አብሮ ይወርዳል። ከፍታ ስለተለወጠ ብቻ ሠንጠረዡ እንደ አዲስ አይሞላም።

በመጨረሻ ሞተሩ አንድ ሌሊት ቀዝቅዞ ጠዋት ሲነሣ፣ ከሚኒሞ ጋዙ ቀስ ተብሎ ሲከፈትና በድንገት ሲዘጋ እንዴት እንደሚሆን ይሞከራል። ሠንጠረዡ ከቀኑ፣ ከማርሚታውና ከፊልትሮው ዓይነት ጋር በፋይል ተቀምጦ፣ ቅጂው ለሚቀጥለው ባለቤት ከሞተሩ ወረቀት ጋር ይያያዛል።