በስደተኛነትና በዜግነት መካከል ያለው የሕግ ድንበር

ከማይጸብሪ ተነስቶ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅና ዳባት የሚደርሰው መንገድ፣ ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖሩባቸው የነበሩትን የማይ ዓይኒና የዓዲ ሐሩሽ መጠለያዎች ከዓለምዋጭ ጣቢያ ጋር ያገናኛል። በዳባት ወረዳ የሚገኘው ይኸው ጣቢያ በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ስደተኞችን መቀበል ሲጀምር፣ በአካባቢው የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ ማን ዜጋ ነው፣ ማንስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የዕለት ሥራ ሆኗል።

የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ጥገኝነት የተሰጠው ሰው በአገሪቱ እንዲማር፣ እንዲሠራና የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት መብት ሰጥቷል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም ጀምሮም የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይሰፍራል። ይሁንና የልደት ምስክር ወረቀት በራሱ የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ዜግነትን የምትሰጠው በትውልድ ሐረግ እንጂ በትውልድ ቦታ አይደለምና።

በተደጋጋሚ ሊታይ የሚገባው ግን ተቃራኒው ስህተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 እና የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይደነግጋሉ። ስለሆነም አባቱ ስደተኛ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች ሕፃን ዜግነቱን የሚያገኘው በልመና ሳይሆን በመብት ነው። ስሙ ወይም የቤተሰቡ ቋንቋ ይህን አይለውጠውም፤ በተለይ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት አካባቢ ቋንቋ የዜግነት መለያ ሊሆን ከቶ አይችልም።

በ1922 ዓ.ም የወጣው የዜግነት ሕግ አመልካቹ አምስት ዓመት እንዲኖርና አማርኛን አጥርቶ እንዲያውቅ ያዝ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ የኑሮውን ጊዜ ወደ አራት ዓመት ዝቅ ሲያደርግ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን በቂ አድርጎታል። መተዳደሪያ ገቢና መልካም ጠባይም ይጠየቃሉ።

ለስደተኛ የሚከብደው የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም መልቀቅ የሚችል መሆኑን፣ አለዚያም አገር አልባ መሆኑን እንዲያስረዳ የሚያዘው ድንጋጌ ነው። ከሸሸው መንግሥት ማስረጃ ማምጣት ለእርሱ ቀላል አይሆንም። ጀርመን እ.ኤ.አ በ2024 ተመሳሳይ ግዴታዋን አንስታ፣ የመኖሪያ ጊዜውን ከስምንት ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አድርጋለች። የኢትዮጵያ አዋጅ ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም።

ዜግነትን በሕግ ለማግኘት የሚቀርብ ማመልከቻ የሚወሰነው በፌዴራል ደረጃ እንጂ በቀበሌ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት አይደለም።