«ሲያድግ ይተወዋል»

ከጀሞ የመጣችው የሰባት ዓመት ልጅ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም። ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ገብቷል። እናቷ «ሸውራራ ሆነችብኝ» አሉኝ፤ «ስታድግ ትተወዋለች» ተብለው ሁለት ወር ጠብቀዋል። ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፤ ለዚያም የጃርዲያ፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት ወስዳለች። ስልካቸው ላይ የፋሲካ ፎቶዋን አሳዩኝ። የፍላሹ ብርሃን በሁለቱም ብሌኖቿ መሃል ላይ አርፏል፤ ያኔ ዓይኖቿ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ኤምአርአይ ስትነሳ በአንጎሏ የኋላ ክፍል ዕጢ ተገኘ።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አባባል ለአራስ ልጅ ያስኬዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት የሕፃን ዓይን ይንከራተታል። ከዚያ በኋላ አይሠራም። በእርግጥ አብዛኛው ሸውራራ ልጅ ዕጢ የለበትም፤ ያም ሆኖ ዓይኑ ሳይሰንፍ መታከም አለበት። ቀጥ ብሎ የኖረ ዓይን በሳምንታት ውስጥ ሲዞር ግን ምክንያቱን ከዓይን ጀርባ መፈለግ ነው። ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በራስ ቅል ውስጥ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ዕጢ የአንጎልን ፈሳሽ መውጫ ዘግቶ ግፊት ሲጨምር፣ ዕጢው ራሱ ሩቅ ቢሆንም፣ ይህ ነርቭ ይጎዳል፤ ዓይኑም ወደ አፍንጫ ይዞራል። የልጆች የአንጎል ዕጢ ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚበቅለው በስተኋላ፣ ከማጅራት በላይ ነው።

ዓይን ሲዞር አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ትንሽ ልጅ ግን «ሁለት ሁለት ይታየኛል» አይልም። አንገቱን ያዘነብላል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ደረጃ ሲወርድ ይደናቀፋል። ቤት ውስጥ «ቀና በል!» ይባላል፤ ትምህርት ቤት ቀልቃላ ይሉታል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ እንዲህ ያሉ ልጆች መነጽር ብቻ ታዝዞላቸው መምጣታቸው ነው። ብሌን በጠብታ አስፍቶ የዓይን ነርቩ ማበጡን ለማየት የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት ለምን እንነፍጋቸዋለን?

በእንግሊዝ «ሔድስማርት» የተባለው ዘመቻ በ2011 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ምልክቶቹን ለወላጆችና ለሐኪሞች አስተማረ። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ምርመራ ውጤት 14 ሳምንት ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ 7 ሳምንት ወረደ። እኛም ዘንድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ጥቁር አንበሳም ዘውዲቱም ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። ልጁ እነሱ ጋ የሚደርሰው ግን የላፍቶም ሆነ የሳሪስ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ትውከቱን ከዓይኑ ጋር አያይዞ ሲያይ ነው። ዓይኑ የዞረና ጠዋት የሚያስመልሰው ልጅ ሲመጣ የሪፈር ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ «አስቸኳይ» በሉበት፤ በዚያው ቀን ላኩት።